ስለ ሴቶች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፤ በአነስተኛ ወጪ መምረጥና ያለ ጕዳት መጠቀም

ሰው ለቤቱ የሚያስፈልገውን ነገር ሲያስብ ጤፉንና ቆጮውን፥ በርበሬውንና ቅቤውን፥ እንጨቱንና የልጆቹን ልብስ በየስሙ ይቈጥራል። ነገር ግን ሚስት፥ እኅት ወይም ሴት ልጅ ባለችበት ቤት ሁሉ በየወሩ የማይቀር፥ በመዝገባችን ግን ስሙ የማይጻፍ አንድ ወጪ አለ። ይኸውም ለልማደ አንስት፥ በተለመደው አነጋገር ለወር አበባ፥ የሚያስፈልገው የንጽሕና መጠበቂያ ነው። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝን ምክንያት አስቀድሜ እነግራለሁ፤ ክቡራን አንባቢዎቼም ነገሩ የሚያሳፍር መስሎአቸው ገጹን ሳይገልጡት እስከ ፍጻሜው እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። መኖሪያዬም በጌዴኦ ዞን ከዲላ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጪጩ ነው። አንድ ቀን ከባልዋ የተለየች አንዲት እናት ለሴት ልጅዋ ቀለብ ለመጠየቅ ቀረበች። ዳኛው የልጅቱን ወጪ በዝርዝር እንድታቀርብ ስላዘዙ፥ እርሷም ጽሕፈት ስለማታውቅ፥ ቃልዋን እየተቀበልሁ እጽፍ ነበር። ምግቡን፥ ልብሱን፥ ደብተሩንና የመብራቱን ጽፌ ስጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤

«ጋሼ፥ የወር አበባ መጠበቂያም አለ፤ ሞዴስ ብለው ይጻፉልኝ» አለችኝ።

ብዕሬ ቆመ። በእውነቱ እንዲህ ያለ ቃል በመዝገብ ላይ ጽፌ አላውቅም ነበርና፥ «እኅቴ፥ ልዩ ልዩ ወጪ ብዬ ልጻፈው፤ ይበቃል» አልኋት።

«ልዩ ልዩ ካሉትማ አባትዋ ይህ ምንድር ነው ብሎ ያሰርዘዋል። በስሙ ይጻፉልኝ። ልጄ በየወሩ አራት አራት ቀን ከትምህርት የምትቀረው በእርሱ ምክንያት ነው» ብላ መለሰችልኝ።

እኔም በስሙ ጻፍሁት። አባትዬው በችሎት ቆሞ ይህ ወጪ አይገባኝም ሲል ተቃወመ። ነገር ግን የቤተ ሰብ ሕግ ቀለብ ሲል ምግብንና ልብስን፥ መጠለያንም፥ የጤና ጥበቃንና ትምህርትንም ጭምር ነውና፥ ዳኛው ነገሩ ለልጅቱ ጤናና ትምህርት የሚያስፈልግ መሆኑን ተናግረው ተቀበሉት።

በዚያ ማታ ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ አድርጌ ለባለቤቴ ነገርኋት። እርሷ ግን አልሳቀችም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፤ «የሰው ልጅ ወጪ ስትጽፍ ውለህ መጣህ፤ የራስህ ልጅ ከስድስት ወር ጀምሮ በየወሩ ለምን ከትምህርት እንደምትቀር ጠይቀህ ታውቃለህን?» አለችኝ። አልጠየቅሁም ነበር። እንዲያውም የ14 ዓመት ልጄን ሰነፍ ብዬ ሁለት ጊዜ በብርቱ ገሥጫት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ኖሮአል። ልጅቱ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ትጠቀማለች፤ ወንድሞችዋና እኔ እንዳናየው ብላ በሌሊት ታጥበዋለች፤ በፀሓይ ከማስጣት ይልቅ ከፍራሽዋ ሥር ትደብቀዋለች። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትንና ቡናን አስማምቶ በማብቀሉ ነው። ያ ጥላ ለቡናው ደግ ነው፤ በክረምት ለተደበቀ እርጥብ ጨርቅ ግን ደግ አይደለም። ጨርቁ ሳይደርቅ ስለምትለብሰው ገላዋ ቆስሎ ያሳክካት ጀመር፤ ይህንንም ለእናትዋ እንኳ የነገረችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ወስደናት መድኃኒት ተሰጣት፤ ዳነችም። ሲስተሯም፥ «ጨርቁ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ መደበቁ ነው» አለችን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ እኅት ነገሩን ሰምታ ከአዲስ አበባ አንድ እሽግ ታምፖን ላከችልን። በቤታችን ማንም ታምፖን አይቶ አያውቅምና፥ በእሽጉ ውስጥ የነበረውን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት ቋንቋ እያነበብሁ ለባለቤቴ ተረጐምሁላት። ከዚያም ሐኪሞችን ጠይቄ፥ መጻሕፍትንም አገላብጬ ያገኘሁትን ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

ታምፖን ምንድር ነው?

ታምፖን ከጥጥ ወይም ሬዮን ከተባለው ጭረት ወይም ከሁለቱ ድብልቅ ተጨምቆ የተሠራ፥ የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ነገር ነው። በሴቲቱ ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን ከመውጣቱ አስቀድሞ ይመጥጣል። በጫፉ የተሰፋ ክር ስላለው ለማውጣት ክሩን መሳብ ነው። አንዳንዱ ለማስገቢያ የሚረዳ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ አለው፤ አንዳንዱም ቱቦ የሌለውና በጣት የሚገባ ነው።

በዛሬው መልኩ የታወቀው ኤርል ሃስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1931 አመልክቶ በ1933 የባለ መብትነት ወረቀት ባገኘበት ጊዜ ነው። መብቱንም ገርትሩድ ቴንድሪክ የተባለች ሴት ገዝታ ታምፓክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። በአገራችን ግን ይበልጥ የተለመደው በውስጥ ሱሪ ላይ የሚነጠፈው ነው። እርሱንም ሞዴስ ብለን የምንጠራው በ1920ዎቹ በአሜሪካ መሸጥ ከጀመረ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ስም ወስደን ነው፤ የአንዱ ስም ለሁሉ ተርፎ ቀረ። ታምፖን በአዲስ አበባ በአንዳንድ መድኃኒት ቤቶችና በትልልቅ መደብሮች ይገኛል፤ ከከተማ ርቆ ግን ማግኘቱ ያስቸግራል። ስለዚህ ታምፖንን የምትመርጥ ሴት ሌላውንም መንገድ ጨምራ ማወቅ ይገባታል።

እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ትልቁን መግዛት ትርፍ ይመስለዋል፤ በታምፖን ግን ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ታምፖን የሚለየው በርዝመቱ ሳይሆን በሚመጥጠው ፈሳሽ መጠን ነው። በአሜሪካ መለኪያ ላይት የተባለው እስከ 6 ግራም፥ ሬጉላር ከ6 እስከ 9፥ ሱፐር ከ9 እስከ 12፥ ሱፐር ፕላስ ከ12 እስከ 15፥ አልትራ ደግሞ ከ15 እስከ 18 ግራም ይመጥጣል። የሐኪሞች ምክር ለሴቲቱ የሚበቃትን ከሁሉ አነስተኛውን መምረጥ ነው። ምልክቱም እንዲህ ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ሲወጣ ገና ነጭና ደረቅ ሆኖ የሚያስቸግር ከሆነ ከመጠን በላይ ነውና ወደ አነስተኛው መለወጥ ይገባል፤ ከአራት ሰዓት በፊት ሞልቶ የሚያፈስ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለውን፥ በመጨረሻዎቹ ቀኖች ዝቅ ያለውን መጠቀም ደግ ነው።

በአንድ የወር አበባ ጊዜ የሚፈሰው ደም በብዙ ሴቶች ዘንድ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር፥ ይህም ማለት ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ግን፥ ወይም ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ፥ ወይም በየሰዓቱ መለወጥ የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ትልቅ ታምፖን መፈለግ መፍትሔ አይደለም። ይህ ደም ማነስን የሚያመጣ ስለ ሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

በሚገዛበት ጊዜ እሽጉ ያልተቀደደ፥ እርጥበት ያልነካው፥ ቀኑም ያላለፈ መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል። ሽታ የተጨመረበትን መተው ይሻላል፤ ለጤና አንዳች ጥቅም ሳይሰጥ ገላን ሊያስቈጣ ይችላልና። በ2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መርማሪዎች 30 ታምፖኖችን መርምረው እርሳስንና ሌሎችንም የብረት ዓይነቶች በጥቂት መጠን እንዳገኙባቸው አስታውቀዋል። ነገር ግን ያ ምርመራ ብረቱ ከታምፖኑ ወጥቶ ወደ ሰውነት መግባቱን አልመረመረም። ስለዚህ ወሬውን ሰምቶ መደንገጥ አያሻም።

እንዴት ይያዛል?

አስቀድሞ እጅን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው፤ ከወጣም በኋላ እንዲሁ። በሚገባበት ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ወይም አንድ እግርን ከፍ አድርጎ፥ ሰውነትን አላልቶ፥ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ወደ ወገብ አዘንብሎ ቀስ ብሎ ማስገባት ይገባል። በደንብ ከገባ አይሰማም፤ የሚያም ወይም የሚከብድ ከሆነ አልገባምና አውጥቶ በሌላ አዲስ መተካት ነው። ክሩ ሁልጊዜ በውጭ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ማስገባት አይገባም። የወር አበባ በሌለበት ቀን፥ ለሌላ ፈሳሽ ወይም ይመጣል በማለት ብቻ መጠቀምም አይገባም። የተጠቀሙበትን ማጠብና መድገም ፈጽሞ ክልክል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ የሰዓቱ ነው። ታምፖን ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት፤ ከስምንት ሰዓት በላይ በምንም ምክንያት አይቆይም። ከስምንት ሰዓት በላይ የምትተኛ ልጅ ለሌሊቱ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ብትጠቀም ይሻላታል። የወር አበባው ሲያልቅ የመጨረሻውን ማውጣት መርሳት አይገባም፤ ክሩም ባይገኝ ታምፖኑ ወደ ሆድ አልፎ የሚጠፋበት መንገድ የለምና ሳይደናገጡ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስወጣት ነው።

ይህን ያህል ስለ ሰዓት የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም የተባለ በሽታ በብዙ ወጣት ሴቶች ላይ ታየ። ስሙን ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣለት ጄምስ ቶድ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከወር አበባ ጋር የተያያዘ ከ800 በላይ በሽተኛ ተመዝግቦ 38 ሴቶች ሞቱ። በተመረመረ ጊዜ በሽታው እጅግ ብዙ ከሚመጥጡ ታምፖኖች ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ፤ ሬላይ የተባለው ታምፖንም በዚያው ዓመት በመስከረም ከገበያ ወጣ። በሽታውን የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦርየስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያፈልቀው መርዝ ነው። ከዚያ ወዲህ የመምጠጥ መጠኑ ስለ ተወሰነና ሴቶች ስለ ተማሩ በሽታው እጅግ አንሶአል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ምልክቶቹን እናትም አባትም ሊያውቃቸው ይገባል። ድንገተኛ ብርቱ ትኩሳት፥ ማስመለስና ተቅማጥ፥ ፀሓይ እንዳቃጠለው ያለ የገላ መቅላት፥ የጡንቻ ሕመም፥ ማዞርና ራስን መሳት ናቸው። ታምፖን የምትጠቀም ሴት እነዚህ ቢታዩባት ታምፖኑን ወዲያውኑ አውጥታ፥ ነገ ያልፍልኛል ሳትል፥ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ለሐኪሙም ታምፖን ስትጠቀም መቆየትዋን ትንገረው፤ ይህን ካልሰማ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ጊዜ ሊያልፍ ይችላልና። በሽታው አንድ ጊዜ የያዛት ሴት ከእንግዲህ ወዲያ ታምፖን መጠቀም አይገባትም።

ወላጆች የሚጠይቁት ጥያቄ

ባለቤቴ ወረቀቱን ስተረጕምላት አስቀድማ የጠየቀችኝ፥ «ይህ ነገር የልጄን ድንግልና አይወስድምን?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ ብዙ እናት በልብዋ ይዛው ትኖራለችና መልሱን ልጻፍ። ሐኪሞች እንደሚሉት በዚያ ቦታ ያለው ስስ ሥጋ በየሴቱ ልዩ ልዩ ነው፤ በአንዳንድዋ ሰፊ ክፍት አለው፥ በአንዳንድዋ ጠባብ ነው፥ በስፖርትና በሌላ ምክንያትም ሊለጠጥ ወይም ሊቀደድ ይችላል። ከወንድ ጋር ያልተገናኘች ልጅ ታምፖን ስለ ተጠቀመች ያልተገናኘች መሆንዋ አይለወጥም። ይሁን እንጂ ልጅቱ ካልወደደች ወይም ካመማት ማንም ሊያስገድዳት አይገባም። በተለይም ግርዛት የተፈጸመባት ልጅ በጠባሳው ምክንያት ሕመም ሊሰማት ስለሚችል አስቀድማ ሐኪም ብታማክር ይሻላል።

የእኔ ልጅ ከእናትዋ ጋር ተነጋግራ ታምፖኑን አልመረጠችም። በጪጩ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ፥ በትምህርት ቤትዋም እጅ የምትታጠብበት ውሃ ሁልጊዜ ስለማይኖር፥ እኔም ፈቃድዋ መልካም መስሎ ታየኝ። ንጹሕ ውሃና ሳሙና በሌለበት ታምፖንን በየሰዓቱ መለወጥ አስቸጋሪ ነው፤ አለመለወጡም አደጋ ነው። እሽጉን ግን አልጣልነውም፤ በዲላ የምትማር ዋና የምታዘወትር የእኅቴ ልጅ ወሰደችው፤ ለዋና ከታምፖን የተሻለ ጥቂት ነውና። ለአንዱ የማይመች ለሌላው ይመቻል።

በጥቂት ወጪ የሚገኘው መንገድ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። አንዲት ሴት በአምስት ቀን ውስጥ በቀን አራት ብትለውጥ 20 ታምፖን ወይም ሞዴስ ያስፈልጋታል። የወር አበባ በየ28 ቀኑ ቢመጣ በዓመት 13 ጊዜ ስለ ሆነ ይህ 260 ይሆናል፤ በሁለት ዓመት 520 ማለት ነው። ዋጋው በየከተማውና በየጊዜው ይለዋወጣልና ለምሳሌ ያህል አንዱን 10 ብር ብንለው የሁለት ዓመቱ 5,200 ብር ይደርሳል። ታጥቦ የሚደገም የጨርቅ መጠበቂያ ግን በደንብ ከተያዘ ሁለት ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ስድስቱም ለአንዲት ልጅ ይበቃሉ። አንዱን 100 ብር ብንለው 600 ብር ነው። ልዩነቱን አንባቢው ራሱ ይመልከት።

በዚህ ሥራ በአገራችን ስምዋ የተመሰገነው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናት። በአሜሪካ የኬሚካል ምሕንድስና ተምራ፥ በልጅነትዋ የወር አበባ በመጣ ጊዜ የደረሰባትን ኀፍረት ሳትረሳ፥ ታጥቦ የሚደገም መጠበቂያ ሠራች። በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠርም በመቀሌ ከተማ በልጅዋ ስም ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመች። በ2019 ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዓመቱ ጀግና አድርጎ መረጣት። ሥራዋ ጨርቁን ከመስፋት አያበቃም፤ ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ወንዶች ልጆችን ጭምር ማስተማርን ያካተተ ነበር። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም፤ ጨርቅ ያላት ልጅ ወንድምዋን ፈርታ ከፍራሽ ሥር ብትደብቀው ጨርቁ ምን ይጠቅማታል?

ከፋብሪካ መግዛት ያልቻለ ሰው በሠፈሩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ማሰፋት ይችላል። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር፥ ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ፥ በላይ ለስላሳ ጥጥ፥ በመካከል ከአራት እስከ ስድስት ድርብ የሚመጥጥ የጥጥ ጨርቅ፥ በታች ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ይደረግበታል። በሁለቱ ጎን በውስጥ ሱሪው ላይ ታጥፎ በቍልፍ የሚያያዝ ክንፍ ይቀጠልለታል። እኛ ጨርቁን ከዲላ ገበያ ገዝተን ስድስት አሰፋን፤ ባለቤቴ ሰባተኛውን በእጅዋ ሰፋችው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለወጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋልና። ከዚያ በሳሙና ታሽቶ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል፤ በፀሓይ ላይ ይሰጣል፤ ፀሓይ በጠፋበት ጊዜ በካውያ ተተኵሶ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ አይለበስም። በንጹሕ ከረጢት ይቀመጣል፤ አንዲቱም ለሌላይቱ አታውሰውም። በጌዴኦ ዝናም በሚበዛባቸው ወራት ሁለት ሦስት ትርፍ ጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ ከሲሊኮን የተሠራ ጽዋ አለ። ሊዮና ቻልመርስ የተባለች አሜሪካዊት በ1937 የባለ መብትነት ወረቀት ያገኘችበት ነው፤ የዚያን ጊዜው ከጎማ ነበር። አንዱ ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል በሒሳብ ከሁሉ ይረክሳል፤ ነገር ግን በየወሩ በፈላ ውሃ መቀቀልና እጅን በሚገባ መታጠብ ይፈልጋል።

የተጠቀሙበትን ታምፖን ወይም ሞዴስ በወረቀት ጠቅልሎ በቆሻሻ መጣያ መጣል ወይም በጕድጓድ ማቃጠል ይገባል። በውሃ በሚለቀቅ መጸዳጃ ቢጣል ቧንቧውን ይደፍናል፤ በጕድጓድ መጸዳጃም ቢጣል ጕድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል።

የአባቶችና የሹማምንት ድርሻ

በዓለም ላይ ይህ ነገር የመንግሥት ጕዳይ ሆኖአል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2004 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሞዴስና በታምፖን ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አነሣች። ስኮትላንድም በ2020 ሕግ አውጥታ ከ2022 ነሐሴ ጀምሮ ለሚያስፈልጋት ሴት ሁሉ በነፃ እንዲሰጥ አድርጋለች። ከ2014 ጀምሮም የፈረንጆች ሜይ 28፥ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ቀን፥ የወር አበባ ንጽሕና ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ቀኑ የተመረጠው ወሩ በአማካይ በየ28 ቀኑ እየመጣ 5 ቀን ያህል ስለሚቆይ ነው። እኛም በጌዴኦ በ2010 ዓ.ም. ከጉጂ ጋር በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ በተፈናቀለ ጊዜ እህልና ብርድ ልብስ ብቻ እንደማይበቃ አይተናል። በመጠለያ ያለች ሴት ወርዋ አይቀርላትምና፥ ለተፈናቃይ ሴቶች በሚታደል ዕርዳታ ሳሙናና የንጽሕና መጠበቂያ መጨመሩ ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ወረቀት የምታዘጋጁ ክቡራን ሆይ፥ የትምህርት ቤት ሒሳብ በፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። የሴቶች መጸዳጃ ከውስጥ የሚዘጋ በር አለውን? በአጠገቡ ውሃ አለን? ድንገት ወርዋ ለመጣባት ልጅ መምህርትዋ የምትሰጣት መጠበቂያ በሣጥን ተቀምጦአልን? እነዚህ ሦስቱ ከአንድ የወንበር ጥገና የማይበልጥ ገንዘብ የሚጠይቁበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው።

አባቶችም በቤታችሁ እንዲሁ አድርጉ። በእኛ አገር ገንዘብ በብዙ ሰው እጅ የሚገባው ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው፤ በዚያ ጊዜ የልጁን ደብተርና ጫማ የሚገዛ አባት የዓመቱን መጠበቂያ ጨርቅና ሳሙናም አብሮ ይግዛ። በሴት ልጁ ፊት ስሙን ለመጥራት ቢያፍር ገንዘቡን ለእናትዋ ይስጥ፤ ነገር ግን የለም ብሎ አይለፈው።

እኔ በሥራዬ የብዙ ሰው ጥፋት በቀይና በጥቍር ቀለም ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የራሴን ግን ሳልጽፈው ቀርቼ ነበር። ልጄን ሰነፍ ያልሁባት ቃል እንዳይመለስ ሆኖ ወጥቶአል፤ ይሁን እንጂ ተበድለሽ ነበር ብዬ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። እርሷም መሬት መሬት እያየች፥ «አባዬ፥ ምንም አይደለም» አለችኝ። ዛሬ በግቢያችን ገመድ ላይ ሰባት ጨርቆች ከእኔ ሸሚዝ ጎን በፀሓይ ይሰጣሉ። ልጄም ካለፈው መስከረም ወዲህ በወርዋ ምክንያት ከትምህርት አንድ ቀን አልቀረችም። በቤታችን የወጪ ደብተር ላይም ከሳሙናው በታች፥ ልዩ ልዩ ሳይባል፥ በስሙ ተጽፎአል።